የቮልስ 1300 ፋን ይፋጫል፦ ሞተሩ ሳይወርድ መቀየር ይቻላል?

ሾላ1300 (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዋ ቮልስዋገን ናት፤ በፈረንጅ 1968 የተሠራች፣ 1300 ሞተር፣ 12 ቮልት ዲናሞ፣ ዘይት ማቀዝቀዣዋ በፋኑ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት። ከኋላ ብረት ላሜራ ላይ ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ ይሰማል። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ስስ ነው፣ ጋዝ ሲጨመር ይጎላል። ቺንጋው (ዲናሞውንና ፋኑን የሚያዞረው ጎማ) ወልቆ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ሲነሣ ድምፁ ጭራሽ የለም። ፑሌጃው (ቺንጋው የሚያልፍበት የዲናሞው ክብ ብረት) ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋም ለእጅ የሚታወቅ ልቅነት አለው። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ዲናሞውና ፋኑ ጋ ይመስለኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሞተሩን ሳላወርድ ፋኑን ማውጣት እችላለሁ? የፋኑ ዳዶ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በምን ይያዛል? ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ገበያው) ደግሞ ሁለት ዓይነት ያገለገለ ፋን አለ፤ አንዱ ከሌላው ወፈር ይላል፣ ሻጮቹም «ወፍራሙ የበለጠ ያቀዘቅዛል» ይላሉ። እውነት ነው?

ሮንዴላ

ይቻላል። የዚህ መኪና ፋን ግን ለብቻው አይወጣም። በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ስለታሰረ ዲናሞና ፋን አንድ ላይ ይወጡና ጠረጴዛ ላይ ይለያያሉ። እነሱን ለማውጣት ደግሞ የፋኑ ቤት ከቦታው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ሥራው ሁሉ ቤቱ እንዳይነሣ የያዘውን ነገር አንድ በአንድ መፍታት ነው።

መጀመሪያ ባትሪው። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ኔጋቲቩን ፍታ። የባትሪው ክዳን ከሌለ ወንበሩን ከመመለስህ በፊት አብጅለት፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ተጭኖ ተርሚናሉን ሲነካ መኪና ያቃጥላል፣ ይህ በቮልስ የታወቀ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ የኋላ ኮፈኑን ሙሉ ለሙሉ አውልቀው። ካላወለቅከው ጭንቅላትህንም እጅህንም ይይዝብሃል።

የአየር ማጣሪያውን አንሣ። ካርቡራቶሩንም አንሣው፤ ሳያነሡ እናወጣለን የሚሉ አሉ፣ ግን ዲናሞው ወደ ኋላ የሚወጣበትን ቦታ የያዘው እሱ ነው። የቤንዚኑን ጎማ ስታወልቅ ወዲያው በቡሎን ድፈነው፤ ታንኩ ከፊት ከፍ ብሎ ስላለ ቤንዚኑ በራሱ ሊፈስ ይችላል። የማኒፎልዱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ዝጋ። የጋዝ ሽቦውን ከካርቡራቶሩ ፍታውና በፋኑ ቤት ውስጥ ከሚያልፈው ቱቦ ወደ ፊት ጎትተህ አውጣው። ይህን የረሳ ሰው ቤቱን ሲያነሣ ሽቦውን ያጥፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ጋዙ ይከብዳል።

የኮይሉን ሽቦዎች ምልክት አድርገህ ንቀል፤ ኮይሉ ቤቱ ላይ እንደታሰረ ይቆይ። የካንዴላ ሽቦዎቹን ከመያዣዎቻቸው አላቅ። ከቤቱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ሁለት የማሞቂያ አየር ቱቦዎች አውልቅ። የዲናሞውን ሽቦዎች ስትፈታ ደግሞ የትኛው የት እንደነበር ጻፍ፤ ወፍራሙ ዲ ፕላስ (D+)፣ ቀጭኑ ዲኤፍ (DF) ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ ሬጉላተሩ (የዲናሞውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው) ይቃጠላል።

ቺንጋውን ለማውጣት የፑሌጃውን 21 ዳዶ ትፈታለህ። በፑሌጃው የውስጠኛ ግማሽ ጠርዝ ላይ ጥርስ አለ፤ ጠንካራ ካቻቢቴ አስገብተህ ከዲናሞው የላይኛው ቡሎን ጋር ስታስደግፈው አይዞርም። የዳዶውንና በሁለቱ ግማሾች መሃል ያሉትን ቀጫጭን ሮንዴላዎች ሁሉ አትበታትን፣ ስንት ከውስጥ ስንት ከውጭ እንደነበሩ ያዝ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር። በቀኝ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር ቴርሞስታት አለ፤ ከእሱ ወደ ላይ የሚወጣ ዘንግ በፋኑ ቤት ውስጥ ያሉትን የአየር መዝጊያዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። የቴርሞስታቱን ቡሎን ከሥር ፍታ፣ ከዚያ ቴርሞስታቱን ራሱን እያዞርክ ከዘንጉ አላቀው። ሳታላቅቅ ቤቱን ብታነሣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ መዝጊያዎቹም በግማሽ መንገድ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቢሞቅ ማንም ጥፋቱን እዚያ አይፈልገውም።

በፋኑ ክዳን ዙሪያ አራት 10 ቁልፍ የሚፈታቸው ቡሎኖች አሉ፤ የታችኞቹ ሁለቱ ለእጅ ያስቸግራሉ፣ አጭር ቁልፍ ያዝ። በቤቱ ግራና ቀኝ ጫፍ ያሉትን ሁለት ቡሎኖችና ዲናሞውን የታቀፈውን ቀበቶ (13 ቁልፍ) ፍታ። ቤቱን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሣ፤ አንድ ሰው ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው ዲናሞውን ከነፋኑ ወደ ኋላ ይሳብ። ወፈር ያለ እንጨት ከሥሩ ብታስገባ ቤቱ ራሱን ይዞ ይቆያል።

ወፍራሙን ፋን በተመለከተ፦ አትግዛው። የዘይት ማቀዝቀዣው ከፋኑ ቤት ውጭ፣ ከኋላው በራሱ ቤት ከተቀመጠባቸው ከፈረንጅ 1971 ሞዴል ወዲህ ካሉት ሞተሮች የመጣ ነው። የእነሱ ቤት ለሰፊ ፋን የተሠራ ነው፤ የአንተ ቤት ውስጥ ሲገባ ላሜራውን ይፍቃል። አሁን የምትሰማው ድምፅም ምናልባት አንድ ሰው ቀድሞ ይህንኑ ስላደረገው ሊሆን ይችላል፤ ሲወጣ መጀመሪያ ስፋቱን ለካ።

ባለካርቦን

ሮንዴላ አወጣጡን ጨርሶታል፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሠራው ልጨምር።

የፋኑ ዳዶ 36 ነው። ክሩ እንደማንኛውም ቡሎን ነው፣ ወደ ግራ ይፈታል። ፋኑን በክንፎቹ ሞርሳ ውስጥ አትሰር፤ ክንፎቹ በስስ ላሜራ ላይ የተበየዱ ናቸው፣ ትንሽ ከታጠፉ ሚዛኑ ይበላሻል። የሚያዘው ፑሌጃው ነው። ፑሌጃውን ዘንጉ ላይ መልሰህ ዳዶውን አጥብቅ፣ በጉድጓዱ ውስጥ አሮጌ ቺንጋ ጠምጥም፣ ቺንጋውን በሞርሳ ጨምድድ፣ ከዚያ 36 ቡሶላህን በረዥም እጀታ ሳብ። የአየር ሽጉጥ ያለው ጋራዥ አጠገብህ ካለ በጥቂት ሰከንድ ይፈታልሃል፣ መያዝም አያስፈልግም።

ፋኑ ሲወጣ መፈለግ ያለብህ ለምን እንደተፋቀ ነው። አዲስ ፋን በአሮጌ ጥፋት ላይ ቢታሰር ያው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ጥፋቱ ከሦስት ቦታ አንዱ ነው። የመጀመሪያው የዲናሞው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት) ነው፤ አንተ ፑሌጃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል ስላልክ እኔ ከዚህ እጀምራለሁ። ዘንጉን በእጅ አዙረው፣ የሚንቀረቀብ ወይም ላላ ያለ ከሆነ ሁለቱም ኩሽኔታዎች ይቀየሩ። ቁጥራቸው ጠርዛቸው ላይ ተጽፏል፣ ያንኑ ቁጥር በሁለት በኩል የታሸገውን ግዛ። አንዱን ብቻ መቀየር ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ፋኑ የሚቀመጥበት ሞዞ ነው። ዘንጉ ላይ በግማሽ ጨረቃ ቺያቬታ (ለብቻው እንዳይዞር በሚይዘው ትንሽ ብረት) ተይዟል። ዳዶው ላልቶ የቆየ ከሆነ ሞዞው ዘንጉ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ የቺያቬታውን ጉድጓድ ያሰፋዋል። ሰፍቶ ካየኸው ሞዞውንም ቺያቬታውንም ቀይር፤ ዳዶውን በኃይል በማጥበቅ አይድንም። ሦስተኛው ፋኑ ራሱ ነው። በነጭ ጋዝ አጥበህ አድርቀው፣ ከዚያ ክንፎቹ ከቀለበቱ ጋር የተያያዙበትን ነጥብ ሁሉ በመብራት እየው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ፋኑ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። አይበየድም። ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ፋኑ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ በ4,000 ዙር የሚሄድ ሞተር ላይ ያ ፋን ከ7,000 በላይ ይዞራል ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት አንድ ክንፍ ከተነቀለ የፋኑን ቤትም የዘይት ማቀዝቀዣውንም ይዞ ይሄዳል።

ዲናሞው እጅህ ላይ እያለ ካርቦኖቹን እይ። ካርቦኑ ከመያዣው ጠርዝ በታች ከወረደ አልቋል። መኪናው ውስጥ ሆኖ የታችኛውን ካርቦን መቀየር ስቃይ ነው፣ አሁን ግን ደቂቃ አይፈጅም።

ከመመለስህ በፊት ዲናሞውን እንደ ሞተር ሞክረው። አካሉን ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ዲ ፕላስን ከፖዘቲቭ፣ ዲኤፍን ከራሱ ከዲናሞው አካል ጋር አገናኝ። ቀስ ብሎ፣ ከፑሌጃው በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ መዞር አለበት። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ይህ ዲናሞው ደኅና መሆኑን ያሳያል፣ ፖላሪቲውንም ያስተካክላል። የሬጉላተሩ ሽቦ ተያይዞ እያለ ግን እንዳትሞክረው።

ሾላ1300

እናመሰግናለን። ወጥቷል። ባለካርቦን እንዳሉት ሞዞው ሰፍቶ ነበር፣ ኩሽኔታዎቹም አልቀዋል፤ ፋኑ ግን ጠባቡ ነው፣ ስንጥቅም የለውም፣ ጠርዙ ብቻ ተፍቋል። አዲስ ሞዞ ተገኝቷል። አሁን ያልገባኝ በሞዞውና በፋኑ መሃል የሚገቡት ስስ ሮንዴላዎች ናቸው። ሲወጣ ሁለት ከሞዞው በኩል፣ አንድ ከዳዶው በኩል ነበሩ። እንደነበሩ ልመልሳቸው?

ሮንዴላ

እንደነበሩ አትመልስ፤ ሞዞው ተቀይሯል፣ ስለዚህ ልኩም ተቀይሯል። ልትጠብቀው የሚገባው በፋኑ ጀርባና በክዳኑ ላሜራ መሃል ያለውን ክፍተት ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከጠበበ ይፋቃል፤ ከሰፋ ፋኑ በሌላ በኩል ወደ ቤቱ ይጠጋል።

አካሄዱ ይህ ነው። ክዳኖቹን ዲናሞው ላይ እሰር፣ ቺያቬታውን አስገባ፣ ሞዞውን ግፋ፣ አንድ ሮንዴላ፣ ፋኑ፣ የቀሩት ሮንዴላዎች፣ ስፕሪንግ ሮንዴላው፣ ዳዶው። አጥብቀህ በፊለር (በክፍተት መለኪያ) ለካ፤ ፊለር ከሌለህ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። ፋኑን እያዞርክ ቢያንስ አራት ቦታ ለካ፤ አንድ ቦታ 2፣ ሌላ ቦታ 1 ከሆነ ወይ ፋኑ ጎብጧል ወይ ክዳኑ ተጣሟል። ክፍተቱ ከጠበበ ከዳዶው በኩል አንድ ሮንዴላ ወደ ሞዞው በኩል አዙር። ከዚህ ወዲያ አትጣል፣ ወዲህም አትጨምር፤ የሮንዴላዎቹ ጠቅላላ ብዛት ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የሚለዋወጠው የሚቀመጡበት ጎን ብቻ ነው። የተረፈውን የጣለ ሰው ዳዶው የጠበቀ መስሎት ፋኑን ላላ ብሎ ይተወዋል፣ ሞዞ የሚበላውም በዚህ ነው።

ዳዶው በ55 እና በ65 ኒውተን ሜትር መሃል ይጠበቅ። የፑሌጃውም ያው ነው። ቶርክ መፍቻ መከራየት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። የክዳኑ ላሜራ ላይ ለዲናሞው ማቀዝቀዣ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ታች መመልከት አለበት። አራቱ ቡሎኖች ክዳኑ ዞሮም ቢሆን ስለሚገጥሙ ማንም አይነግርህም፣ ዲናሞው ግን ውሎ አድሮ በሙቀት ይቃጠላል። ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት የዲ ፕላስና የዲኤፍ ጫፎች ወደ ላይ፣ ቀዳዳው ወደ ታች መሆኑን አይተህ ቀጥል።

17 ቁልፍ

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ እኔ ግን ሞተሩን ማውረድ ይሻላል ባይ ነኝ። የቮልስ ሞተር ከጊር ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት 17 ቡሎኖች ነው፤ ክብደቱም 100 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ጥሩ ክሪክ ያለው ሰው ያወርደዋል። የቤንዚን ጎማ፣ የጋዝ ሽቦ፣ ሁለት የማሞቂያ ሽቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ አበቃ። ቤቱን እያነሡ ከመጨነቅ ሙሉ ለሙሉ አውልቀህ የዘይት ማቀዝቀዣውን ጎማዎች ትቀይራለህ፣ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሃል ያለውን ዘይትና አቧራ ትጠርጋለህ፣ ፍሪሲዮኑንም ታያለህ። ያ አቧራ እያለ አዲስ ፋን ምን ይጠቅማል?

የዘይት ማቀዝቀዣው ከቤቱ ውጭ የሆነባቸው የኋላ ሞዴሎች ላይማ ክርክርም የለውም፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ መሥራት ዋጋ የለውም።

ሮንዴላ

17 ቁልፍ፣ ፍሪሲዮን የሚቀይር ሰው ከሆነ እስማማለሁ። ድምፅ ብቻ ላለው 1300 ግን ግማሽ ቀን በማይሞላ ሥራ ምክንያት ሞተር ማውረድ አይታየኝም። የክንፎቹን አቧራ በተመለከተ ልክ ነህ፦ ሾላ፣ ቤቱ ከፍ ብሎ ሳለ በቀጭን ብረትና በታፈነ አየር ከላይ የምትደርስበትን ያህል አጽዳ፤ በተለይ በዘይት ማቀዝቀዣው ሥር።

ደጋ2350

የቀረ ነገር አለ፣ እሱም አዲስ አበባን ይመለከታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ የሚገፋው የአየር መጠን በልክ ያው ቢሆንም ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሙቀት የሚወስደው ደግሞ ክብደቱ ነው። ሞተሩም ኃይሉ ስለሚቀንስ ነገሩ በከፊል ይካካሳል፤ ግን ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ተረግጦ ሲወጣ የሚባክን አየር ሊኖር አይገባም።

ስለዚህ ስትገጥም የቤቱ ከንፈር ከሲሊንደሮቹ ላሜራ ጋር ዙሪያውን በትክክል መግጠሙን በእጅህ ዳስ። የካንዴላ ሽቦ ጎማዎቹ ላሜራው ላይ ያለውን ቀዳዳ ይድፈኑ፤ ደርቀው ከተሰነጠቁ ቀይራቸው፣ ርካሽ ናቸው። የማሞቂያ ቱቦዎቹን ጥሎ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ ከጣልካቸው የቤቱን ሁለት አፎች ድፈን፣ አለዚያ ለሲሊንደር የተላከው አየር በዚያ ይወጣል። በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው ጎማም እንዲሁ ነው፤ እሱ ከሌለ ፋኑ ከሥር የሚመጣውን የጋለ አየር መልሶ ይስበዋል። በአንተ ሞዴል 3ኛው ሲሊንደር አየሩን ከዘይት ማቀዝቀዣው ጋር ስለሚጋራ ሁልጊዜ የሚብሰው እሱ ነው፤ ቫልቭ የሚቃጠለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ቴርሞስታቱን «እዚህ አገር አያስፈልግም» ብለው የሚጥሉትን አትስማ። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ መዝጊያ የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ቴርሞስታቱን ስታወልቀው ሙቅ ውኃ ውስጥ ክተተው፤ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ርዝመቱ ቢያንስ 46 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ቀዝቅዞ ካልተሰበሰበ ቀዳዳ አለው። መልሰህ ከገጠምከው በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ መዝጊያዎቹ ተዘግተው፣ ሞተሩ ሲግል ተከፍተው ተመልከት።

ከሥር ላለው የክራንክ ዘንግ አነስተኛ ፑሌጃም አትግጠም። «ኃይል ይጨምራል» ተብሎ ይሸጣል፤ የሚጨምረው ግን ከፋኑ ዙር ቀንሶ ነው።

ባለካርቦን

ስለ ቺንጋው ማንም አልተናገረም። ለዚህ ዲናሞ 9.5 በ905 ነው። አውራ ጣትህ መሃሉን ሲጫነው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። ከላላ ከፑሌጃው ግማሾች መሃል አንድ ሮንዴላ አውጣና ከዳዶው ሥር አድርገው፤ ከጠበቀ ወደ ውስጥ መልሰው። ዳዶውን እያጠበቅህ ፑሌጃውን በእጅ አዙር፣ አለዚያ ቺንጋው በግማሾቹ መሃል ይቆነጠጥና ይቆረጣል። በጣም የጠበቀ ቺንጋ አዲሱን ኩሽኔታ ይጨርሰዋል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ለካው።

መጀመሪያ ሞተሩን ስታስነሣ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ጨርቅ አለመቅረቱን አረጋግጥ። ፋኑ ጨርቅ ይውጣል፣ ከዋጠውም ቤቱን ዳግመኛ ማንሣት ነው። ቀዩ መብራት ጋዝ ሲሰጥ መጥፋት አለበት። በሌላ መኪና ላይ ያ መብራት ዲናሞው አይሞላም ማለት ብቻ ነው፣ እያዘገሙ ቤት መድረስ ይቻላል። ቮልስ ላይ ግን መንገድ ላይ ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ፋኑ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ዳር ይዘህ አጥፋው፤ «እስከ ሚቀጥለው አደባባይ ልድረስ» አይባልም።

ሾላ1300

ክፍተቱ በሁለት ሮንዴላ 2 ሚሊ ሆኗል፣ ዙሪያውን እኩል ነው። ቴርሞስታቱ ሙቅ ውኃ ውስጥም አልተንቀሳቀሰም፣ ቀዝቅዞም እንደተዘረጋ ነው። እስኪገኝ ድረስ ሳልገጥመው ብነዳስ?

ደጋ2350

የተበሳ ቴርሞስታት ተዘርግቶ ስለሚቀር መዝጊያዎቹን ክፍት ያደርጋል፤ የተሠራውም ሲበላሽ ሞተሩን እንዳያቃጥል ታስቦ ነው። ስለዚህ እሱኑ መልሰህ እሰረው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ አታስጩኸው እንጂ መንዳት ትችላለህ። ዘንጉን ያለምንም ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ግን አትተወው፤ መዝጊያዎቹ በንዝረት ወዳሻቸው ቦታ ይሄዳሉ።